ጅራቱ የተቆረጠው ፊልም

መስከረም 14

ለተከበሩት ትንሹ አያቴ፤

ይህች ደብዳቤ ስትደርስዎ በሙሉ ጤና፣ በሞቀ ክፍልና በጠገበ ሆድ ታግኝዎ። ብርዱ አይድፈርዎ፣ ጉልበትዎ አይክዳዎ፣ አለቃዎም ይፍራዎ። እኛ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ሁላችንም ደህና ነን። እናቴ የስፌት መኪናዋ ላይ እንዳጎነበሰች ሰላም ትልዎታለች። ከሕንፃችን ሥር ሱቅ ያለው ፀጉር አስተካካይም ሰላም በሉልኝ ብሏል።

እስከዚህ ያለው የአያቴ የአባባ ቃል ነው፤ አንቱታውና «እናቴ» ማለቱ ብቻ የኔ ነው። እሱ ወንበሩ ላይ ጋደም ብሎ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። በራሱ እጅ ያልጻፈው ጣቶቹን ቁርጥማት ስለያዘው መሆኑን እንዳስረዳ ታዝዣለሁ። አስረድቻለሁ።

አሁን ደግሞ የኔ ቃል። ጣቶቹን ምንም አልያዘውም። ትናንት በነዚያው ጣቶች የፀጉር አስተካካዩን ጉልበት እየመታ ሲስቅ ነበር። የያዘው ዓይኑን ነው። ግራው ከጠፋ እንደቆየ ያውቃሉ። ቀኙን ደግሞ ሞራ ሸፍኖታል። ብርሃንና ጨለማ ይለያል፤ እኔንና የልብስ መስቀያውን ግን አይለይም። ባለፈው ሳምንት መስቀያውን ስለ ሒሳብ ውጤቱ ሲመክረው ሰማሁ። መስቀያው ከኔ የተሻለ ጨዋ ስለሆነ ዝም ብሎ አዳመጠው።

የዓይን ሐኪሟ ሞራው ሳይጠነክር መነሣት አለበት ብላለች፤ ጥር ከገባ በኋላ ግን እሷም አትደፍረውም። አባባ "አስብበታለሁ" ብሎ ወጣ። ይኸው እስካሁን እያሰበ ነው። አንድ የድሮ ወዳጁ ለዚሁ ነገር ገብቶ እየተመራ እንደወጣ ያስታውሳል። "ያለችኝ አንዷ ናት" ይላል። እንዲህ ሲል እናቴ ወደ ስፌቷ ትመለሳለች፤ እኔም ሻዩን እሞላለታለሁ።

ለርስዎ ትንፍሽ እንዳልል አስምሎኛል። ትንፍሽ አላልኩም፤ እየጻፍኩ ነው። እባክዎ አንድ ነገር ይበሉት። የኛን ምክር እንደ ሬዲዮ ማስታወቂያ ነው የሚሰማው።

አሁን "እኔ ዝም ካልኩ ቆየሁ፤ ብዕርሽ ምን እያደረገ ነው?" እያለኝ ነው። ሰላምታህን እያሳመርኩ ነው አልኩት። ደስ አለው።

የልጅ ልጅዎ፣
ጥይት
(እናቴ ያወጣችልኝ ስም ሌላ ነው። አባባ ግን እግሬም አፌም ስለማይቆም በዚህ ነው የሚጠራኝ።)


ጥቅምት 20

ለምወድሽ የወንድሜ የልጅ ልጅ፤

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እናትሽስ እንደምን ናት? ወገቧን ተሻላት ወይ? የስፌት መኪናዋስ ያ ማንቋረሩን ተወ? ፀጉር አስተካካዩስ፣ ሥራው፣ ቤተሰቡ እንዴት ነው? የሕንፃችሁ ደረጃስ ተጠገነ? በውጣ በገባችሁ ፈጣሪ ይከተላችሁ፤ ያሰባችሁትን ያድርስላችሁ፤ ክፉ ወሬ በራችሁን አይወቀው። እኔ እዚህ በመስታወት ቤቴ ውስጥ ደህና ነኝ። የመኪና ማቆሚያው መግቢያ ላይ ተቀምጬ አግዳሚውን አነሣለሁ፣ አወርዳለሁ። ደብዳቤዬንም እዚሁ ነው የምጽፈው። ስለዚህ አንዳንዱ ዓረፍተ ነገር መኪና ስለገባበት ቢሰበር ታገሺኝ።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። መጀመሪያ ተቆጣሁ። መልሼ ሳነበው ግን መስቀያው ጋ ስደርስ ብቻዬን ስስቅ አንድ ሹፌር አየኝና መስኮቱን ዘጋ። አያትሽን "አንተ" ማለትሽን አልወደድኩትም። እኔ በዚህ ዕድሜዬ "ወንድም ጋሼ" ሳልል ጠርቼው አላውቅም።

አንቺ የምታውቂው ወንበር ላይ ያለውን ሽማግሌ ነው። እኔ የማውቀው ተርጓሚውን ነው። በወጣትነታችን ሁለታችንም አንድ ትንሽ ሲኒማ ቤት እንሠራ ነበር። እኔ ከላይ ማሽኑን አጫውታለሁ፤ እሱ ከታች ሸራው አጠገብ በርሜል ላይ ቆሞ ፊልሙ የሚለውን በኛው ቋንቋ ለሕዝቡ ይጮህለታል። አዲስ ፊልም የሚሄደው ትልልቆቹ ሲኒማ ቤቶች ነው። እኛ ጋ የሚደርሰው ከኛ ዕድሜ የሚበልጠው ነበር፤ ፊልም ገና አፍ በፈታበት ዘመን የተሠሩ የወንበዴ ፊልሞች። ባርኔጣ፣ ጥቁር መኪና፣ ስልክ፣ ሽጉጥ። ሰዎቹ ሲናገሩ መትረየስ ናቸው። ወንድም ጋሼ ቋንቋውን ያውቅ የነበረው ለሰላምታና ለስድብ ያህል ነው፤ የቀረውን ከኪሱ ያወጣል።

አንድ ቀን ጥቅልሎቹን አምታታኋቸውና ቀድሞ መታየት የነበረበትን ወደ ኋላ አስገባሁት። በጥይት ተበሳስቶ የሞተው ሰውዬ ሲጋራውን እያጨሰ ተመልሶ መጣ። እኔ ከላይ ላብ አጠመቀኝ። ወንድም ጋሼ ግን ትንፋሽ እንኳ ሳይወስድ "ይህ መንታ ወንድሙ ነው፤ ደሙን ሊመልስ መጣ" አለ። ጭብጨባው ጣራውን ሊያነሣው ነበር። በማግስቱ ጥቅልሎቹን አስተካክዬ ሳጫውት ሕዝቡ "መንታው የታለ?" ብሎ ወንበር ሰበረ። ከዚያ ወዲያ ያ ፊልም በሲኒማ ቤቱ ባለቤት ትእዛዝ ሁልጊዜ እንደተምታታ ይታይ ነበር።

ሌላም ነበረ፤ ከሁሉ የሚወደደው። ያኛው እኛ ጋ ሲመጣ ጀምሮ ጅራቱ የተቆረጠ ነው። ወንበዴው በተከበበ ቤት ውስጥ ሆኖ በሩ ጋ ይደርሳል፤ እጁን መዝጊያው ላይ ያደርጋል፤ ከዚያ ሸራው ነጭ ይሆናል። መጨረሻውን ማንም አላየውም። ወንድም ጋሼ እንደ ሕዝቡ ስሜት በየጊዜው አዲስ መጨረሻ ይሰጠው ነበር። ቅዳሜ ድንበር ያሻግረዋል፣ እሑድ ያሳስረዋል፣ ከባለቤቱ ጋር በተጣላን ሰሞን ደግሞ የሚያስገድለው ቁርጥ ባለቤቱን በሚመስል ፖሊስ ነው።

ከዚህ ጋር ለሱ የሚነበብ ምክር አያይዣለሁ፤ ጮክ ብለሽ አንብቢለት። ፎቶግራፉንም ላኪልኝ። ዓይኑ በደንብ ይታይ።

ትንሹ አያትሽ


ኅዳር 12

ለተከበሩት ትንሹ አያቴ፤

የሚያነሡት አግዳሚ ሁሉ ይቅለልዎ፤ የሚያልፈው ሹፌር ሁሉ ፈገግታ ይስጥዎ። ለጠየቁት ሁሉ በየተራ ልመልስ፦ የእናቴ ወገብ ደህና፣ መኪናዋ ታንቋርራለች፣ ደረጃው አልተጠገነም፣ ስላስታወሱት ግን ተደስቷል።

ምክርዎን አነበብኩለት። "ወንድም ጋሼ ሆይ" ብዬ ጀምሬ "የሰው ልጅ ከሁሉ አስቀድሞ" ጋ ስደርስ ማንኮራፋት ጀምሮ ነበር። ሲነቃ "ጥሩ ጽፏል" አለ። በቃ።

ከዚያ ስለ መንታው ጠየቅኩት። ትንሹ አያቴ፣ ሰውየው ከወንበሩ ተነሣ። ቆሞ፣ በሁለቱም ድምፅ፣ የሟችንም የመንታንም እያደረገ ሙሉውን አጫወተኝ። እናቴ መኪናዋን አቁማ አየችው። እኔም ከጓደኛዬ ላፕቶፕ ተዋስኩና እነዚያን ፊልሞች መፈለግ ጀመርኩ። አብዛኞቹ ኢንተርኔት ላይ አሉ።

እውነቱን ልንገርዎ? ልስቅባቸው ነበር የተቀመጥኩት። ጥቁርና ነጭ፣ ድምፁ ከጣሳ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል። ሻይዬ ሳይቀዘቅዝ ተያዝኩ። እነዚህ ሰዎች አይዘገዩም። በር ይከፈታል፣ አንዱ አንድ ነገር ይላል፣ ሌላው ከአፉ ቀምቶ ይመልስለታል፣ በር ይዘጋል፣ መኪና ይነሣል። ጋዜጣ እየተሽከረከረ ይመጣና ወሩ አለፈ ይላል። አንድ ምስኪን ተላላኪ ባርኔጣ ይገዛል፣ ቀጥሎ ትልቅ ባርኔጣ ይገዛል፣ ከዚያ ከተማው የሱ ነው፣ ከዚያ ከተማው ያባርረዋል፤ ይህ ሁሉ በአንድ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ነው። ማንም ማንንም "እንደምን ከረምክ" አይልም። እርስዎና አባባ ፊልም ብትሠሩ ኖሮ ወንበዴው ባንኩ በር ላይ ከዘበኛው ጋር ሰላምታ ሳይጨርስ ይያዝ ነበር።

ድምፁ ደግሞ ለብቻው ነው። ያኔ ድምፅ አዲስ ነገር ስለነበረ ፊሽካ እንደተገዛለት ሕፃን ያገኙትን ሁሉ ያሰማሉ። የጫማ ተረከዝ፣ የጎማ ሲጥታ፣ ስልክ፣ የሚሽከረከር ሳንቲም። አባባ ያለ ዓይን የሚከተለው በዚህ ነው። የጎደለውን እኔ እሞላለሁ። "አሁን ሴትየዋ አየችው"፣ "አሁን ሽጉጡን ኮቱ ውስጥ ደበቀ" እላለሁ። ሥራውን ወረስኩበት ማለት ነው። እሱም እንደ አለቃ ያርመኛል፤ "ፈጠን በይ እንጂ፣ አንቺ ባርኔጣውን ስትገልጪ ሰውዬው ባንኩን ጨረሰው" ይለኛል።

ለምን እንዲህ እንደሚወዳቸው ጠየቅኩት። ብዙ ጊዜ ጥያቄዬን በጥያቄ ነው የሚመልሰው፤ ያን ቀን ግን አሰበበት።

"ፍርሃት አይደርስባቸውማ" አለኝ። "ሰው የሚፈራው ሲቀመጥ ነው። እነሱ መቼ ይቀመጣሉ?"

እጁ የወንበሩን መደገፊያ ይዳስስ ነበር። ገባኝ፤ እንደገባኝ ግን አላስታወቅሁም።

ችግሩ ይኸውልዎ። አሁን "ዓይን ለምኔ? ጆሮ አለኝ፣ ጥይት አለችኝ" ማለት ጀምሯል። እኔው ራሴ ወንበሩ ላይ ቸነከርኩት። ጥር ደግሞ እየመጣ ነው።

አንድ ነገር ግን በእጄ አለ። ጅራቱ የተቆረጠውን ፊልም አገኘሁት፤ ከነጅራቱ። ብቻዬን አየሁት። መጨረሻው አንድም ቃል የለውም። እጁ መዝጊያውን ከነካ በኋላ በር ሲከፈት ይሰማል፣ እርምጃ ይሰማል፣ ከዚያ ሙዚቃ ብቻ። የሚሆነው ሁሉ የሚታይ እንጂ የሚሰማ አይደለም። አባባ ማግኘቴን አላወቀም። ምን ላድርግ?

ጥይት

ስልክ ብደውል ይሻል ነበር፤ ግን ባለፈው ከሱ ጋር ስትደዋወሉ "ሃሎ፣ ትሰማኛለህ?" ስትባባሉ ነው ካርዱ ያለቀው። ፎቶግራፉን አልፈቀደም፤ ፀጉሬ አልተስተካከለም አለ። ታች ያለው ሰውዬ ፀጉር አስተካካይ መሆኑን አስታወስኩት።


ኅዳር 29

ለጥይት፤

ሰላምና ጤና ለሁላችሁም ይሁን፤ ለደረጃውም ጭምር። የቀረው ሰላምታ ይቆየኝ፤ ቸኩያለሁ።

ዝም በይ።

አጫውቺለት። እስከ በሩ ድረስ እንደ ልማድሽ አስረጂው፤ ባርኔጣውንም አትርሺ። እጁ መዝጊያውን ሲነካ ግን አፍሽን ዝጊ። ቢለምንሽም፣ ቢቆጣሽም፣ ወርሰሻል የሚለውን ሥራ ቢነጥቅሽም እንዳትናገሪ። ወንድም ጋሼን አውቀዋለሁ። ረኀብ ይችላል፣ ብርድ ይችላል፤ ሌላ ሰው የጨረሰውን ታሪክ ሳያውቅ ማደር ግን አይችልም።

አሁን ደግሞ እስከ ዛሬ ያልጻፍኩላችሁን ልጻፍ። የኔም ዓይኖች ሞራ ነበረባቸው። ሁለቱም እዚህ ተነሥተውልኛል፤ ቆየ። ከሩቅ ሆናችሁ ከመጨነቅ በቀር ምን ታደርጉልኛላችሁ ብዬ ዝም አልኩ። ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ ያየሁት የነርሷን ጫማ ነው። ማሰሪያው አረንጓዴ ነበር። ከዚያ በፊት ለስንት ጊዜ አረንጓዴ ነገር አላየሁም ነበር መሰለሽ፣ ጫማዋን ትኩር ብዬ ሳይ ልጅቱ አፈረች። ይህንን ንገሪው።

ግን ልብ በይ፣ ልጄ። የኔ ሁለት ነበሩ። አንዱ ቢበላሽ አንዱ ይቀረኝ ነበር። ሳስበው እንቅልፍ እምቢ ይለኛል፤ ወንድም ጋሼን ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል የምንገፋው እኔና አንቺ ነን።

ለኔም መጨረሻውን አትጻፊልኝ።

ትንሹ አያትሽ


ታኅሣሥ 19

ለተከበሩት ትንሹ አያቴ፤

ሰላም ይብዛልዎ፣ ዓይኖችዎ ሁለቱም ይባረኩ፣ ምክርዎም እንዲሁ፤ የመጨረሻው ማለቴ ነው።

አጫወትኩለት። የፊልሙን መነሻ ሙዚቃ ሲሰማ አወቀው። ወንበሩን ወደ ላፕቶፑ ማያ ሳበ፤ ምን ሊያይ እንደሆነ እንጃ። እኔም ስሠራ ዋልኩ፤ ባርኔጣውን፣ ደረጃውን፣ በመስኮት የሚገባውን መብራት፣ ሁሉን ነገርኩት። ከንፈሩ ከተዋናዮቹ ጋር ይንቀሳቀስ ነበር፤ ራሱ የፈጠረውን ንግግር በቃሉ ይዞታል። ሰውየው በሩ ጋ ደረሰ። እጁ መዝጊያውን ነካ። ዝም አልኩ።

በሩ ተከፈተ። እርምጃው ተሰማ። ሙዚቃው መጣና አለቀ።

"ከዚያስ?" አለኝ።

"አለቀ።"

"እንዴት አለቀ?"

"ደስ በሚል ሁኔታ። ወይም በሚያሳዝን። ማየት ነው።"

ትንሹ አያቴ፣ በዚያን ዕለት ያወጣቸውን ስድቦች ወረቀቱ ስለማይችላቸው አልጽፋቸውም። እናቴ ልትነግረው አፏን ከፈተች፤ እግሯን ረገጥኳት።

እንደማይሸነፍ አውቅ ስለነበር ቀደም ብዬ ወጥመዱን ዘርግቻለሁ። ፀጉር አስተካካዩንና ጎረቤታችንን ጡረተኛዋን መምህርት ፊልሙን አሳይቻቸው ነበር። ሁለቱም የድሮ ተመልካቾቹ ናቸው፤ በልጅነታቸው ፊት መሬት ላይ ተቀምጠው ሲሰሙት ያደጉ። ቢጠይቃችሁ እንዳሻችሁ ጨርሱለት አልኳቸው። ልመና አላስፈለጋቸውም።

በማግስቱ ፀጉር አስተካካዩን አስጠራው። ሰውየው ምላጩን እያበሰ መጣና ወንበዴው የቲማቲም ሣጥን ውስጥ ተደብቆ በጭነት መኪና ድንበር እንደተሻገረ ነገረው። አባባ ፊቱ በራ። ቀጥሎ መምህርቷ መጡና ወንበዴው እንደተጸጸተ፣ እጁን እንደሰጠ፣ ተፈትቶም ሒሳብ አስተማሪ እንደሆነ በትዕግሥት አስረዱት። አባባ ፊቱ ጠቆረ። መዋሸት የማታውቀውን እናቴን ጠራ። እሷ ደግሞ እውነቱን ነገረችው፤ ሲወጣ የኮቱ ብብት ተተርትሮ ነበር፣ ሌላውን አላስተዋልኩም አለችው። እናቴ ሰው ሲሞትም ሲያገባም የምታየው ስፌቱን ነው።

"ሁላችሁም ቀጣፊዎች ናችሁ" አለ አባባ።

ፀጉር አስተካካዩ ሳቁን መያዝ አቃተው። "ከማን ተማርነው? ቅዳሜ ያሻገርከውን እሑድ ያሳሰርከው ማን ነበር?"

አባባ ወደ መስኮቱ ዞረ። ቆይቶ ጠራኝና ስለርስዎ ያንን የጫማ ማሰሪያ ነገር ድገሚልኝ አለኝ። መጀመሪያ ስነግረው "ታናሽ ሆኖ ቀደመኝ" ብሎ ነበር ያለፈው። አሁን ግን አረንጓዴው ምን ዓይነት አረንጓዴ እንደሆነ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት። በዚህም ተናደደ።

ጠዋት ስነሣ ኮቱን ለብሶ፣ ጫማውን አድርጎ በር ሥር ቆሞ አገኘሁት። "ሐኪሟ ጋ ውሰዱኝ" አለ። "ያን ሰውዬ እናንተ እጅ ላይ ጥዬው አልሞትም።"

የቀዶ ጥገናው ቀጠሮ ለሚመጣው ሰኞ ነው። ሐኪሟ በደንብ አየችውና ሞራው መጠንከር ጀምሯል፣ ቃል ልገባላችሁ አልችልም አለች። እሱ ሰማ። ወደ ቤት ስንመለስ ክንዴን ከወትሮው ጠበቅ አድርጎ ያዘኝ፤ ስለ ፊልሙ ግን አንድም ነገር አላነሣም።

ይሄውልዎ ቀልዴ አለቀ። በሽማግሌዎች ስስቅ ፈርቼ አላውቅም ነበር። ዓይኑ ብትበላሽ ማንም "አንቺ ነሽ" አይለኝም፤ እሱም አይለኝም። ይኼ ነው የባሰው። ጸልዩልን።

ጥይት


ጥር 7

ለሁላችሁም፤

ፈጣሪ በጥላው ይጋርዳችሁ። ስለ ደረጃው አልጠይቅም።

ሰኞው አለፈ። ሌላም ሰኞ አለፈ። ደብዳቤ የለም። ደወልኩ፤ እናትሽ አነሣች። "ደህና ነው" አለችኝ። እኛ ቤት ደህና ያልተባለ ሰው የለም፤ አባታችን ሊሞት ሲያጣጥርም ደህና ነው ነበር የምንባለው። አቅርቢልኝ ስላት "ተኝቷል" አለች። ቀን ነው፣ ፀሐይ ናት፣ ወንድም ጋሼ ቀን የሚተኛ ሰው አይደለም። ልጅቱንስ ስላት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አንድ ነገር አለችና መስመሩ ተቆረጠ። ደግሜ ስደውል የሚያነሣ ጠፋ።

ዛሬ አግዳሚውን አንሥቼ ማውረድ ረሳሁ። መኪናው ሁሉ እንደፈለገ ሲገባ አለቃዬ ከላይ አየና ወረደ። ምን ሆነሃል አለኝ። ወንድሜ ታሟል አልኩት። ወንበሬ ላይ ተቀምጦ እሱ አግዳሚውን ሲያነሣልኝ ይህንን ጻፍኩ።

ፎቶግራፍ አልፈልግም፤ ዝርዝርም አልፈልግም። አንድ ቃል ላኪልኝ፤ ያያል ወይም አያይም። ሁለቱንም እችላለሁ። ዝምታውን ግን አልቻልኩም።

ወንድሙ


ጥር 24

ትንሹ አያቴ፤

ያያል።

ያያል፣ ያያል፣ ያያል። ይህን ካነበቡ በኋላ ይቀመጡ፣ ውኃ ይጠጡ፣ አለቃዎንም ፈጣሪ ዕድሜ ይስጠው ይበሉልኝ። ሰላምታዬ ይኸው ነው።

የዘገየሁበት ምክንያት ይህ ነው። ቀዶ ጥገናው አለቀ ስንል ዓይኑ አበጠ። ሐኪሟ ፋሻውን መልሳ አሰረችው፤ መቼ እንደሚፈታም አልተናገረችም። ያንን ሰሞን ብዕር ይዤ "ለተከበሩት" እልና እዚያው እቀራለሁ። እንደማላውቀው ብጽፍልዎ ይጨነቃሉ፤ ደህና ነው ብል ደግሞ እናንተን መሆኔ ነው። እናቴ "ተኝቷል" ያለችዎ ውሸቷን ነው፣ የመጀመሪያዋ ነው፣ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ነበር። ሐኪሟ መጮህ ከልክላዋለች፤ እርስዎን ስልክ ላይ ሳይጮህ ያነጋገረበት ቀን ደግሞ የለም። ድምፅዋን ዝቅ ያደረገችው እሱ እንዳይሰማ ነው፤ "ልጅቱ ምግብ አልበላ ብላለች" ነበር ያለችዎ። አሁን እበላለሁ። ዛሬ የአባባንም ድርሻ እበላለሁ።

ፋሻው የተፈታው ዛሬ ጠዋት ነው። ሐኪሟ ጎንበስ ብላ ምን ይታይዎታል አለችው። ትኩር ብሎ አያት። እኔ ከበስተኋላው ቆሜ ነበር።

"ይህቺ ልጅ ናት እንዴ ዓይኔን የነካችው?" አለ። "ድምፅዋ ትልቅ ሴት መስሎኝ ነው የፈቀድኩት። ባያት ኖሮ አላስጠጋትም ነበር።"

ሐኪሟ ሳቀች፤ እኔ ደግሞ ግድግዳውን ይዤ አለቀስኩ። ግድግዳው ጨዋ ነው፣ ለማንም አልተናገረም።

ቤት እንደገባን ኮቱን ሳያወልቅ "አምጪው" አለ። ለፀጉር አስተካካዩ ይነገረው አልን፤ ደንበኛ ይዟል፣ መጨረሻው ላይ እደርሳለሁ ብሎ ላከ። መጋረጃውን ጋረድን። መምህርቷ መነጽራቸውን አጸዱ። እናቴ መኪናዋን ሸፈነች። ፊልሙ ተጀመረ፤ እኔም ከልማድ "አሁን ባርኔጣውን" ስል በእጁ አፌን ያዘኝ።

ወንበዴው መጀመሪያ ላይ ባርኔጣውን ሲያወልቅ ፊቱ ማያውን ሁሉ የሚሞላበት አለ። እዚያ ጋ አባባ አቁሚ አለኝ። አቆምኩት። ወደ ማያው ተጠጋ፤ አፍንጫው ሊነካው ደረሰ።

"ይህ ማነው?"

"ወንበዴው ነዋ።"

"ይኼማ ልጅ ነው።" ወደ መምህርቷ ዞረ፣ ወደኔ ዞረ፣ መልሶ አየው። "እኔ በርሜሉ ላይ ሆኜ ስጮህለት ትልቅ ሰው ነበር እኮ። እፈራው ነበር። ጢሙ እንኳ በቅጡ አልበቀለም። ይህንን ሕፃን ነው ያን ሁሉ ጊዜ ሳስገድለው የኖርኩት?"

ቀጥሉ አለ። ከዚያ በኋላ የነበረው ፊልም ሌላ ሆነብን። መኪናው ያው፣ ጥይቱ ያው፣ ንግግሩ ያው ይሮጣል፤ አባባ ግን ወንበዴው ባለፈ ባገደመ ቁጥር "ቀስ በል፣ አንተ ልጅ" ይላል። "እናቱ የታለች? አንድም ሽማግሌ የለም እንዴ በዚህ ከተማ?" ይላል። እነሱ ግን አይሰሙም፤ ይቸኩላሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፍጥነታቸው አስፈራኝ፤ ግን ዓይኔን ማንሣት አልቻልኩም።

በሩ ጋ ደረሰ። እጁን መዝጊያው ላይ አደረገ። መምህርቷ ወደ ፊት ተጎነበሱ።

"አቁሚው" አለ አባባ።

"አባባ፣ መጨረሻው እኮ ነው።"

"አውቃለሁ። ዝጊው።"

"ለዚህ ብለህ አይደለም እንዴ ዓይንህን…"

"ለዚህ ብዬ ነው። አየሁት፤ ልጅ ነው። በቃ እዚያው ይቁም፤ ማንም አይንካው።"

ዘጋሁት። ምን ላድርግ? የወሩን ጭንቀት፣ ወጥመዱን፣ የቲማቲሙን ሣጥን ሁሉ አስቤ ልጮህ ነበር። መምህርቷ በንዴት መነጽራቸውን አወለቁ። እናቴ ግን ሄዳ መጋረጃውን ገለጠች፤ አባባ በብርሃኑ ዓይኑን ጨፈን፣ ከፈት፣ ጨፈን፣ ከፈት ሲያደርግ ቆየ። ከዚያ የኔን ፊት አየው። ብዙ አየው። "ቁመትሽ ረዝሟል" ብቻ አለኝና ወደ በሩ ሄደ።

እናቴ ክንዱን ልትይዝ ተነሣች፤ እኔ እሷን ያዝኳት። ደረጃውን ብቻውን ወረደ። አንድ በአንድ፣ እጁን ግድግዳው ላይ ሳያደርግ፣ የተሰበረችዋን ተራምዶ። ታች እስኪደርስ ሁለታችንም አልተነፈስንም።

አሁን መስኮቱ አጠገብ ሆኜ ነው የምጽፍልዎ። ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛውን በሳሙና አረፋ ትቶ ወጥቷል። አባባ ሱቁ በር ላይ አቁሞት፣ ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ፀሐይ ያዞረዋል፤ "አንተ ግን መቼ ነው እንዲህ ያረጀኸው?" ይለዋል። ሰውየው ሊመልስ አፉን ይከፍታል። አባባ ግን ገና አይቶ አልጨረሰም።

ጥይት